አውትሳይደርስ፣ ኪው 65፣ ጎልደን ኢሪንግስ ወይስ ሞሽንስ? የ60ዎቹን የሆላንድ ቢት ለሚጀምር ሰው

የ1960ዎቹን የሆላንድ ቢት (በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም የሚሠራውን የዚያ ዘመን የወጣቶች ሙዚቃ) መስማት የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ምርጡ ባንድ የቱ ነው?» ብሎ ይነሣል። በዚህ ጥያቄ ከሄዱ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። የሚሻለው የእያንዳንዱ ባንድ ዕድሜ በምን መንገድ እንደሄደ ማየት ነው። አውትሳይደርስ ጥሩ ሥራቸውን በነጠላ ሸክላ ላይ አፍስሰው፣ በመጨረሻ ገዢ ያጣ አንድ አልበም ትተው ተበተኑ። ኪው 65 ከሁሉም በላይ በአንድ አልበም ይታወሳሉ። ጎልደን ኢሪንግስ 60 ዓመት ዘለቁ፤ የ60ዎቹ ሥራቸው የረጅሙ ታሪክ መግቢያ ብቻ ነው። የሞሽንስ ትልቁ ፍሬ ደግሞ የታየው ጊታሪስታቸው ወጥቶ ባቋቋመው ሌላ ባንድ ነው። ምን መግዛት እንዳለብዎትና በምን መልክ መግዛት እንዳለብዎት የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በዚያ ዘመን በሆላንድ ዋናው ዕቃ አልበም አልነበረም፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው፣ በየገጹ አንድ ዘፈን የሚይዘው ነጠላ ሸክላ ነበር። ምክንያቱም ሬዲዮ ነው። ቬሮኒካ የተባለው ጣቢያ ከ1960 ጀምሮ በሰሜን ባሕር ላይ ከቆመ መርከብ ያለ ፈቃድ ያሰራጭ ነበር፤ «ቶፕ 40» የተባለውን ሳምንታዊ የዘፈን ደረጃ የጀመረው ጃንዋሪ 2 ቀን 1965 ነው። መንግሥት ያቋቋመው ሂልቨርሱም 3 ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነበር። ባንዶቹ የሚሠሩት እንግዲህ በመርከቡ ሬዲዮ ለመሰማት ነው፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ ቶሎ የሚይዝ መግቢያ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ። ወጣቱም በኪሱ የሚችለው ነጠላውን ነው። ስለዚህ ከ1967 በፊት የወጣ የሆላንድ ቢት አልበም ሲያገኙ «ዝነኞቹ ዘፈኖች በላዩ አሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። ብዙ ጊዜ የሉም።

አውትሳይደርስ፦ ነጠላውን ያስቀድሙ

የአምስተርዳም ልጆች ናቸው። ዋሊ ታክስ ይዘፍናል፣ ሃርሞኒካም ይነፋል፤ ሮኒ ስፕሊንተር ሊድ ጊታር፣ ቶም ክራበንዳም ሪትም ጊታር፣ አፒ ራመርስ ቤዝ፣ ሌንደርት ቡሽ ድራም። ከብዙዎቹ የዘመኑ ባንዶች የሚለያቸው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ የእንግሊዝና የአሜሪካ ዘፈን እየገለበጡ አልኖሩም። ታክስና ስፕሊንተር ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ማርች 26 ቀን 1966 በዴን ቦስ ከተማ ብራባንትሃለን አዳራሽ ከሮሊንግ ስቶንስ በፊት መድረክ ላይ ወጥተዋል።

ማዳመጥ ያለብዎት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ «ፌልት ላይክ አይ ዎንትድ ቱ ክራይ» (1966)፣ «ላይንግ ኦል ዘ ታይም» (1966)፣ «ተች» (1966)፣ «መንኪ ኦን ዩር ባክ» (1967)፣ «ሰመር ኢዝ ሂር» (1967)። «ላይንግ ኦል ዘ ታይም»ን እና «ተች»ን አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጧቸው የአንድ ባንድ፣ የአንድ ዓመት ሥራ መሆናቸውን ለማመን ያስቸግራል። የመጀመሪያው ጊታሩ የሚያንሾካሹክ የሚመስል፣ ድምፁ የተሰበረ የፍቅር ወቀሳ ነው። ሁለተኛው ግን ግርግር ነው፤ ድራሙ ባንዱን ከኋላው እየገፋ ይነዳዋል። ታክስ በሁለቱም ላይ የሚዘፍነው በዚያው በለሰለሰ፣ ጥቂት በሚያዝን ድምፅ ነው። የባንዱ ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ጩኸቱን ብቻ የፈለገ ሰው ኪው 65 ይሻለዋል።

የተሳሳተ ግዢ የሚበዛው በ1967ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ነው። አንደኛው ገጽ በመድረክ ላይ የተቀዳ፣ ሌላኛው የስቱዲዮ ሥራ ነው። የመድረኩ ገጽ ድምፁ ሻካራ ነው፤ «ላይንግ ኦል ዘ ታይም»ም «ተች»ም በላዩ የሉም። ዝነኛ ዘፈን ይሆናል ብሎ የገዛ ሰው ቅር ይለዋል። ባንዱን አስቀድሞ የወደደ ሰው ግን በዚያ ገጽ ላይ ሬዲዮው ያላሰማውን ባንድ ያገኛል።

«ሲ ኪው» (1968፣ ፖሊዶር) ሌላ ዓለም ነው። ስሙ የሬዲዮ አማተሮች «ማን ይሰማኛል?» ብለው የሚጣሩበት ምልክት ነው። ክራበንዳም ቀድሞ ወጥቷል፤ ሙዚቃው ጨለም ያለ፣ እንግዳ፣ አንዳንዴ የሚያስፈራ ነው። በጊዜው አልተሸጠም፤ ባንዱም በ1969 ፈረሰ። ዋሊ ታክስ በ2005 ሞተ። ያኔ ገዢ ያጣው አልበም ዛሬ የመጀመሪያው ኅትመት ከሆነ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከውዶቹ የሆላንድ ሸክላዎች አንዱ ነው። በእኛ አስተያየት ከአራቱ ባንዶች አልበሞች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ግን ከዚህ መጀመር ስሕተት ነው። ነጠላዎቹን ያልሰማ ሰው ባንዱ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ስለማይገባው አልበሙ ዝም ብሎ የተዘበራረቀ ይመስለዋል።

እንግዲህ ግዢው በዚህ መልክ ይሁን፦ በመጀመሪያ የነጠላ ሸክላዎቹ ስብስብ በሲዲ፣ ከዚያ «ሲ ኪው» በድጋሚ ኅትመት፣ የ1967ቱ አልበም መጨረሻ። ፍለጋ ላይ ግን ይጠንቀቁ። በዚያው 1966 በአሜሪካ ክሊቭላንድም አውትሳይደርስ የሚባል ባንድ «ታይም ዎንት ሌት ሚ» በሚል ዘፈን ታውቆ ነበር። የሙዚቃ መተግበሪያዎች የሁለቱን ሥራ በአንድ ገጽ ሊቀላቅሉት ይችላሉ። በባንዱ ስም ብቻ ሳይሆን በዋሊ ታክስ ስም ወይም በዘፈኑ ርዕስ ይፈልጉ።

ኪው 65፦ አልበሙን በሙሉ

የዘ ሄግ ባንድ ነው። ዘ ሄግ በዚያ ዘመን የሆላንድ ቢት ዋና ከተማ ነበረች፤ ምክንያቱም ከኢንዶኔዥያ ነፃነት በኋላ የመጡት የኢንዶ (የአውሮፓና የኢንዶኔዥያ ቅይጥ ዘር ያላቸው) ቤተሰቦች በ50ዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታርን ወደ ከተማዋ ጭፈራ ቤቶች አስገብተው ነበር። የቲልማን ወንድማማቾች ባንድ የዚያ ዘመን ዋና ምልክት ነው። ቢት ሲመጣ ጊታር የሚያውቅ ልጅ በየሰፈሩ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

የኪው 65 ድምፃዊ ቪለም ቢለር ነው፤ ፍራንክ ናውንስና ዮፕ ሩሎፍስ ጊታር፣ ፒተር ቪንክ ቤዝ፣ ጄይ ባር ድራም። ሙዚቃው ብሉዝና አር ኤንድ ቢ ሆኖ ከጣሪያ በላይ የሚጮህ ነው። በ1966 «ዩ አር ዘ ቪክተር» እና «ዘ ላይፍ አይ ሊቭ» ወጡ፤ በዚያው ዓመት በዴካ የታተመው «ሬቮሉሽን» የተሰኘው አልበም ተከተለ። ይህን ባንድ ለማወቅ ነጠላ ሸክላዎቹ ብቻ አይበቁም። የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን «ብሪንግ ኢት ኦን ሆም» ከ10 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ በ1966 አንድ የሆላንድ ባንድ የገጹን ትልቅ ክፍል ለአንድ ብሉዝ መስጠቱ ድፍረት ነበር። ባንዱ መድረክ ላይ ምን ይመስል እንደነበረ የሚያሳየው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሩጫው ተቋረጠ። በ1967 ቢለር ለወታደራዊ አገልግሎት ተጠራ፤ ድምፃዊው የሄደበት ባንድ አቅሙ ላላ። ከዚያ ወዲህ የወጡትን ሥራዎች ለመስማት አይቸኩሉ። «ሬቮሉሽን»ን በሙሉ፣ «ዘ ላይፍ አይ ሊቭ»ንና «አይ ዲስፓይዝ ዩ»ን ከያዙ ዋናው ነገር በእጅዎ ነው።

አሮጌውን «ሬቮሉሽን» በሸክላ የሚገዙ ከሆነ የመጨረሻውን ዘፈን መጨረሻ ሳይሰሙ ገንዘብ አያውጡ። የሸክላ ቦይ ወደ መሐል በቀረበ መጠን ክቡ ስለሚጠብ፣ በአንድ ዙር ውስጥ ያው ድምፅ በአጭር ቦይ ላይ ይታጨቃል፤ የዘመኑ ከባድ መርፌዎች አስቀድመው የሚበሉት ይህን ቦታ ነው። ረጅምና ጯሂ ዘፈን ደግሞ የሚያልቀው እዚያው ነው። ገጹ ሲጀምር ንጹሕ የነበረ ድምፅ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች «ሽሽ» እያለ ከተቀደደ መርፌ ቢቀይሩም አይድንም፤ ቦዩ ተበልቷል።

ጎልደን ኢሪንግስ፦ የቱን ዘመን እንደሚፈልጉ ይወስኑ

ጆርጅ ኮይማንስና ሪኑስ ሄሪትሰን በ1961 በዘ ሄግ ሲጀምሩ ገና ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያ ስማቸው ቶርናዶስ ነበር፤ በእንግሊዝ በዚያ ስም የሚታወቅ ባንድ ስለነበረ ቀየሩት። የመጀመሪያ ሸክላቸው «ፕሊዝ ጎ» በ1965 ወጣ፤ አልበማቸው «ጀስት ኢሪንግስ»ም በዚያው ዓመት። ድምፃዊው ፍራንስ ክራሰንበርግ ነበር፤ ዘፈኖቹ ጣፋጭ፣ ንጹሕ፣ በደንብ የተቀነባበሩ ናቸው። «ዛት ዴይ» (1966) በለንደን ተቀድቶ በሆላንድ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በ1967 ባሪ ሄይ ድምፃዊ ሆኖ ገባ፤ በ1968 «ዶንግ ዶንግ ዲኪ ዲጊ ዶንግ» አንደኛ ወጣ። (ርዕሱን አይተው አይናቁት፤ ግን የባንዱ ምርጥ ሥራም አይደለም።) በ1969 ከስማቸው መጨረሻ «ስ» ወደቀች፣ አሜሪካንም ዞሩ፤ በ1973 «ራዳር ላቭ» ዓለም አወቀው። ባንዱ የቆመው በ2021፣ ኮይማንስ በጡንቻና ነርቭ ሕመም (ኤ ኤል ኤስ) መያዙ ከታወቀ በኋላ ነው።

እዚህ ያለው ችግር የምርጫ ብዛት ነው። «ራዳር ላቭ»ን ወድዶ «ጀስት ኢሪንግስ»ን የሚገዛ ሰው ሌላ ባንድ የገዛ ያህል ይሰማዋል፤ ተገላቢጦሹም እንዲሁ። ቢት የሚፈልጉ ከሆነ እስከ 1967 ያለውን፣ ከክራሰንበርግ ጋር የተሠራውን ይያዙ። ሮክ ከፈለጉ ከ1969 ወዲህ ይጀምሩ። መሐሉ ለጠንቃቃ ሰብሳቢ ነው። በመተግበሪያ ሲፈልጉ የ60ዎቹ ሥራ የሚገኘው በኋለኛው ስም ገጽ ግርጌ ሊሆን ስለሚችል፣ አልበሞቹን በወጡበት ዓመት ደርድረው ይመልከቱ።

የ60ዎቹ ድራመራቸው ያፕ ኤገርሞንት መጨረሻው የሚገርም ነው። ከባንዱ ከወጣ በኋላ ፕሮዲዩሰር ሆነ፤ በ1981 የአሜሪካ አንደኛ የሆነውን የ«ስታርስ ኦን 45» ቅልቅል ያዘጋጀው እሱ ነው።

ሞሽንስ፦ በአጭሩ ለማለፍ

እነዚህም የዘ ሄግ ናቸው። ሩዲ ቤኔት ይዘፍናል፣ ሮቢ ቫን ሌውን ጊታር ይጫወታል፣ ዘፈኖቹን ይደርሳል። «ዌስትድ ወርድስ» (1965) እና «ኤቭሪቲንግ ዛትስ ማይን» (1966) ዛሬም ጥሩ ናቸው። አልበሞቻቸው ግን ወጣ ገባ ይላሉ፤ የስብስብ ሲዲ አንድ ይበቃል።

ይህን ባንድ የሚሰሙበት ዋናው ምክንያት ቫን ሌውን ነው። በ1967 ወጥቶ ሾኪንግ ብሉን አቋቋመ፤ ማሪስካ ቬረስ ድምፃዊት ሆና ስትገባ «ቪነስ» ተሠራ፤ በፌብሩዋሪ 1970 የአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ኒርቫና በ1988 ያወጡት የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላም የሾኪንግ ብሉ ዘፈን፣ «ላቭ በዝ»፣ ነበር። ከሞሽንስ ይልቅ የሾኪንግ ብሉን «አት ሆም» (1969) ቢገዙ ማንም አይፈርድብዎትም።

ከአራቱ ውጪ የሚሹት ነገር ካለ፦ እውነተኛ ብሉዝ ከሆነ ከድሬንተ ክፍለ ሀገር ገጠር የወጡት ኩቢ እና ብሊዛርድስ አሉ፤ «ኽሩተን አውት ኽሮሎ» (1967) ይበቃል፣ በኽሮሎ መንደር ሙዚየማቸው አለ። ለስለስ ያለ ፖፕ ከሆነ የዴልፍቶቹ ቲ ሴት። ከላይ ያሉት ሁሉ የሚዘፍኑት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በሆላንድኛ ለመስማት የሚፈልግ ሰው ቦውደወይን ደ ኽሮትን ይጀምር። በአገራችን የሆላንድ ባንድ ሲባል ከጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን (2006) የሠሩት ዘ ኤክስ ትዝ የሚሏቸው አይጠፉም፤ እነሱ ግን በ1979 የተነሡ የፓንክ ልጆች ናቸው፣ ከዚህ ትውልድ ጋር አይገናኙም።

አሮጌ ሸክላ፣ ድጋሚ ኅትመት ወይስ ሲዲ?

ለአውትሳይደርስና ለሞሽንስ ሲዲ። ሥራቸው በብዙ ነጠላ ሸክላ ላይ ስለተበተነ፣ አንድ በአንድ መልቀም ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ፕሱዶኒም የተባለው የሆላንድ አሳታሚ የዘመኑን ሥራ በጥንቃቄ እያሰባሰበ ያሳትማል። ለኪው 65ና ለ«ሲ ኪው» ድጋሚ የታተመ ሸክላ ጥሩ ምርጫ ነው፤ አልበሞቹ እንደ አልበም የታሰቡ ናቸውና። ሁሉንም በጥቂቱ ለመቅመስ ደግሞ ራይኖ በ2001 ያወጣው ባለ አራት ሲዲ «ነጌትስ 2» አውትሳይደርስንም ኪው 65ንም ከሌሎች አገሮች ባንዶች ጋር ይዟል።

የመጀመሪያ ኅትመት ነጠላ ሸክላ የሚሹ ከሆነ ልባሱን አይርሱ። የሆላንድ ነጠላዎች ከእንግሊዞቹ በተለየ ብዙ ጊዜ በፎቶ በተዋበ ልባስ ይሸጡ ነበር፤ ሸክላው ብቻውን ሲሆን ዋጋው በጣም ይወርዳል። ለመስማት ብቻ ከሆነ ልባስ የሌለውን መርጠው ያተርፋሉ። መሐል ቀዳዳው ሰፊ፣ 38 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ አስማሚ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ ቀለበቱ መሐል ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ዜማው እንደ ሰካራም ይወዛወዛል።

አሮጌ ነው የተባለ ዕቃ ልባሱ ላይ ባርኮድ ካለው በ60ዎቹ አልታተመም። «ስቴሪዮ» የሚል ከሆነ ደግሞ ይጠርጥሩ፤ በ70ዎቹ ብዙ የሞኖ (በአንድ መስመር ብቻ የተቀዱ) ቅጂዎች በሰው ሠራሽ መንገድ ለሁለት ተከፍለው «ስቴሪዮ» ተብለው ታትመዋል፤ ድምፁ ባዶና የራቀ ይሆናል። የሁኔታ ደረጃውንም በልኩ ያንብቡ። «ቪ ጂ» የተባለ ሸክላ ቃሉ «በጣም ጥሩ» ቢሆንም በተግባር ይንጫጫል። «ተች» ላይ አይታወቅዎትም፤ «ሰመር ኢዝ ሂር» ላይ ግን ያሰለቻል። ለጸጥተኛ ዘፈን «ቪ ጂ ፕላስ» ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጉ።

ሆላንድ የሚኖር ሰው ክሪንግሎፕ የሚባሉትን የአሮጌ ዕቃ ሱቆችና ኤፕሪል 27 የንጉሡ ቀን በየመንገዱ የሚዘረጋውን ገበያ ይጎብኝ። አውትሳይደርስ እዚያ በቀላሉ አይገኝም፤ ጎልደን ኢሪንግና ሾኪንግ ብሉ ግን ሞልተዋል። በፖስታ የሚያስመጡ ከሆነ ሻጩ ሸክላውን ከልባሱ አውጥቶ ከኋላው እንዲያደርገው ይጻፉለት። ውስጡ ሆኖ ከተጓዘ በመንገድ ላይ ሲነቃነቅ ጠርዙ ልባሱን ይሰነጥቀዋል።

ከማጫወትዎ በፊት ይጠቡት፤ የተጣራ ውሃ፣ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። በቦዩ አቅጣጫ በክብ ይጥረጉ፣ መሐል ያለውን ወረቀት አያርጥቡ፣ በንጹሕ የተጣራ ውሃ አለቅልቀው ቆሞ ይድረቅ። አልኮል ካላስፈለገ አይጨምሩ፤ በተለይ ከስብስብዎ ውስጥ ባለ 78 ዙር ካለ አልኮል ያሟሟዋል።

እነዚህ ነጠላዎች ሞኖ ናቸው፤ ድምፁ የተቀረጸው በቦዩ የጎን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የስቴሪዮ መርፌ ግን የላይና የታቹንም ይሰማል፤ እዚያ ያለው አቧራና ጭረት ብቻ ነው። ማጉያዎ የሞኖ ቁልፍ ካለው ይጫኑት፤ ሁለቱ ወገን ሲደመሩ የላይና የታቹ ጫጫታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ቁልፍ ከሌለው ሁለቱን መስመር የሚያገናኝ ባለ ዋይ ቅርጽ ገመድ ያንኑ ያደርጋል። ስብስቡ ሲበዛ የሞኖ መርፌ መግዛት ያዋጣል፤ 25 ማይክሮን ገደማ ጫፍ ያለው መርፌ ከተለመደው 18 ማይክሮን ይሰፋል፣ ስለዚህ አሮጌው ቀጭን መርፌ ባልበላው የቦዩ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ዋጋቸው ርካሽ የሆኑትን የሻንጣ ማጫወቻዎች ግን ለእነዚህ ሸክላዎች አይጠቀሙ፤ ብዙዎቹ ጫናቸው ወደ 5 ግራም ይጠጋል፣ ማስተካከያም የላቸውም።